ባለ 5 ቮልት ሴንሰር ከኢኤስፒ32 ጋር ስታገናኙ

ኤችሲ-ኤስአር04 የርቀት ሴንሰርን ከኢኤስፒ32 ማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ጋር ለምታገናኙ፦ የኤኮ ፒኑን (ሴንሰሩ ውጤቱን የሚያወጣበትን) በቀጥታ አትሰኩት። ሴንሰሩ በ5 ቮልት ሲሠራ ኤኮ ላይ የሚያወጣውም 5 ቮልት ነው። የኢኤስፒ32 ፒን ደግሞ ለ3.3 ቮልት የተሠራ ነው። «እኔ ሰክቼው ይሠራል» የሚል አይጠፋም። ዛሬ ሠራ ማለት ግን ፒኑ አልተጎዳም ማለት አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር ነው። ከኤኮ ወደ ኢኤስፒ32 ፒን 1 ኪሎ ኦም፣ ከዚያው ፒን ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም። ቮልቴጁ ለሁለቱ ይከፋፈልና ፒኑ ጋ የሚደርሰው የ5 ቮልቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 3.3 ገደማ ይሆናል። ባለ 2 ኪሎ ካጣችሁ ሁለት ባለ 1 ኪሎ በተከታታይ ቀጥሉ። የሴንሰሩና የቦርዱ ግራውንድ መገናኘት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ትሪገር ፒኑ (ሴንሰሩ «ለካ» የሚለውን ትዕዛዝ የሚቀበልበት) አብዛኛውን ጊዜ 3.3 ቮልትን ስለሚቀበል በቀጥታ ይሰካ።

ከ3.3 ወደ 5 ቮልት ለመሄድስ? ሬዚስተር ቮልቴጅ አይጨምርም። በ5 ቮልት የሚሠራ 74ኤችሲቲ125 የተባለ ቺፕ በመሃል አስገቡ። 2 ቮልት ከደረሰው እንደ «1» ያነበዋል። ስትገዙ «ቲ» መኖሯን እዩ፤ ያለ «ቲ» የሆነው 74ኤችሲ125 3.5 ቮልት ገደማ ይፈልጋል።

ሬዚስተሮቹን ለአይ-ስኩዌርድ-ሲ (I2C፣ ቺፖች በሁለት ሽቦ ዳታ የሚለዋወጡበት) መስመር አትጠቀሙ። እዚያ ዳታው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ በሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) የተሠራ ሌቭል ሺፍተር፣ ማለትም የቮልቴጅ ደረጃ ቀያሪ ያስፈልጋል።