ከማጎሜ እስከ ትሱማጎ፦ የጃፓንን የጥንት መንገድ በእግር እንዴት እንሂድ?

ናካሴንዶ ይባላል። በኤዶ ዘመን (ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን) የዛሬዋን ቶኪዮ ከኪዮቶ ጋር ያገናኝ የነበረ የተራራ መንገድ ነው። 69 የመንገደኛ ማረፊያ ከተሞች ነበሩት። ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ እኔ የምመርጠው በኪሶ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ማረፊያ ከተሞች ከማጎሜ እስከ ትሱማጎ ያለውን ነው። 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሳትጣደፉ 3 ሰዓት ይበቃችኋል።

መንገዱ ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከመጨረሻው ጀምሩ።

ትሱማጎ ባቡር ጣቢያ የላትም። የሚቀርበው ጣቢያ ናጊሶ ነው፤ በአውቶቡስ 10 ደቂቃ፣ በእግር አንድ ሰዓት ያህል። ፈጣኑ ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ናጊሶ ላይ አይቆምም። መደበኛው ደግሞ አንዱ ካመለጠ ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። መጀመሪያ ከናጊሶ የምትሳፈሩበትን ባቡር ምረጡ። ከዚያ ለእሱ የሚያደርሳችሁን አውቶቡስ ፈልጉ። ከዚያ ላይ 4 ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሦስቱ ለእግር፣ አንዱ ለሻይና ለፎቶ። ከማጎሜ የምትነሱበት ሰዓት ያ ነው።

አሁን የጊዜ ሰሌዳው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የሄድኩት በኅዳር ወር፣ እሑድ ቀን ነበር። የጃፓንኛውን የእሑድ ምልክት አጥንቻለሁ፤ መሃሉ በአግድም የተከፈለ ረጅም መስኮት ይመስላል። ሰሌዳው ላይ ያንን ምልክት አየሁና በእሱ ሥር ያለውን ሰዓት ያዝኩ። ለካ ያ ምልክት «ቀን» ማለትም ነው፤ «የሥራ ቀን» የሚለው ቃል ውስጥም አለ። የያዝኩት ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራውን አውቶቡስ ነበር። ትሱማጎ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ምንም አልመጣም። 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጠለቀች። ናጊሶ ድረስ በስልክ መብራት እየተደናበርኩ ሄድኩ። ስደርስ ባቡሩም አልፏል። ብርዱን እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ የእሑድን ምልክት ተዉት፤ የቅዳሜን ፈልጉ። አግድም መስመር ላይ የቆመ የመደመር ምልክት ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን በአንድ ዓምድ ስለሚጻፉ እሱን ካገኛችሁ አትሳሳቱም። ሰኞ ቀን በዓል ከዋለም የምታነቡት ያንኑ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ 6 ቀንሱለት። 15 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ለማንኛውም ማጎሜ ያለው የቱሪስት መረጃ ቢሮ ገብታችሁ በጣታችሁ እያሳያችሁ አረጋግጡ።

መሄጃው ቀላል ነው። ከናጎያ ከተማ እስከ ናካትሱጋዋ ጣቢያ በፈጣን ባቡር 50 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ማጎሜ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ዝርዝር ካሽ ያዙ። ሻንጣ ካላችሁ፣ አገልግሎቱ በሚሰጥባቸው ወራት የቱሪስት መረጃ ቢሮው ተቀብሎ ትሱማጎ ይልክላችኋል፤ ግን ከረፋዱ 5፡30 በፊት ማስረከብ አለባችሁ።

ከማጎሜ መነሳት ይሻላል። ዳገቱ አጭር ነው፤ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የተራራ ማለፊያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ትልቅ የተራራ ጫማ አያስፈልግም፤ ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል። ሶሉ አልቆ ልሙጥ ከሆነ ግን አትሂዱ፤ የድሮው የድንጋይ ንጣፍ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጃንጥላም ተዉት፣ የዝናብ ካፖርት ያዙ። በየመንገዱ የተሰቀሉትን ደወሎች እየደወላችሁ እለፉ፤ ድብ ሰው መምጣቱን ሰምቶ እንዲርቅ ነው። ማለፊያውን ተሻግራችሁ ስትወርዱ አንድ አሮጌ የሻይ ቤት አለ። ሻዩ በነፃ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ የአቅማችሁን ጣል አድርጉ። ከዚያ በታች «ወንዱ» እና «ሴቷ» የሚባሉ ሁለት ፏፏቴዎች አሉ፤ ሁለቱንም ውረዱና እዩ።

ትሱማጎ ስትገቡ ከፎቶ በፊት አውቶቡስ ማቆሚያውን አግኙ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተንሸራሸሩ። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ስለተስማሙ ነው ከተማዋ በጥንት መልኳ የቆየችው። የመብራት ሽቦ እንኳ ከዋናው ጎዳና አይታይም። ጊዜ ከተረፋችሁ ጎሄይ ሞቺ ግዙ፤ የተወቀጠ ሩዝ በእንጨት ተሰክቶ፣ የዋልነት ስጎ ተቀብቶ በፍም የተጠበሰ ነው። ትኩሱን ብሉት፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል።