ምርት ሲያንስና ከዓመት ዓመት ሲዋዥቅ፦ በአዳማ ዙሪያ ለሚያርሱ

በአዳማ ዙሪያ በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ቦሎቄ የሚያመርት ገበሬ «ምርቴ ወረደ» ሲል ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም እየጠራ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ምርት አብዛኛውን ጊዜ ከአፈር ለምነት፣ ከዘር ጥራት ወይም ከአረም ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ዓመት ጎተራ ሞልቶ በሚቀጥለው የሚጎድል ምርት ግን በዚህ የስምጥ ሸለቆ ክፍል በዋናነት የውኃና የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ለመጨመር ከመወሰን በፊት ያለፉትን 4 ወይም 5 ዓመታት ምርት በኩንታል ጽፎ፣ ከጎኑም የተዘራበትን ቀንና ዝናቡ የገባበትንና የወጣበትን ጊዜ አስፍሮ ማወዳደር ይገባል።

ቡቃያው ወጣ ገባ ሲሆን

ያልበቀለበትን ቦታ በእጅ ቆፍሮ ዘሩን ፈልጎ ማየት ከማንኛውም ግምት የተሻለ ነው። ዘሩ ውኃ ጠጥቶ አብጦ ከደረቀ የተዘራው በመጀመሪያው ካፊያ ነው ማለት ነው፤ ቡቃያው ወጥቶ ከመሬቱ በታች ተጣምሞ ከተገኘ ከዝናብ በኋላ ገጹ ላይ የደረቀው የአፈር ቅርፊት አግዶታል፤ ምንም ሳይለወጥ ደረቅ እንደሆነ ከቆየ ደግሞ እርጥበቱ ጨርሶ አልደረሰውም። ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው መፍትሔው አንድ ነው፤ አፈሩ ከላይ ብቻ ሳይሆን ዘሩ ከሚያርፍበት በታችም በደንብ እስኪርስ መጠበቅ። ቅርፊቱን ቡቃያው ሳይጎዳ በቀስታ መስበር ይቻላል። በቤት የተቀመጠ ዘር ከሆነ ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የበቀለውን መቁጠር ወጪ የሌለው ምርመራ ነው።

የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን

በበቆሎ ላይ ቢጫው ከቅጠሉ ጫፍ ተነሥቶ መሐለኛውን ጅማት ተከትሎ ወደ ውስጥ ከገባ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ችግሩ የዩሪያ መጠን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በሞቃትና በደረቀ መሬት ላይ ተበትኖ የቀረ ዩሪያ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ እርጥበት እንዳለው፣ ከተክሉ ትንሽ ራቅ አድርጎ መጨመርና በሽልሻሎ (በመስመሮቹ መካከል በማረስ) አፈር ማልበስ ይበጃል። ዝናቡ ከተቋረጠ ግን ቀሪውን ዩሪያ ማቆየት ይሻላል፤ ከፋፍሎ የመጨመር ትልቁ ጥቅም በእኔ ግምት ይህ ነው፣ ወቅቱ ከከፋ ገንዘቡ ከገበሬው እጅ አይወጣም።

በቆሎው አምሮ ሳለ ራሱ ሳይሞላ ሲቀር

ይህ በአካባቢው ምርትን ከሁሉ በላይ የሚያዋዥቅ ምልክት ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ፍሬው በበቆሎው ራስ ላይ እዚህም እዚያም ከጎደለ የዳቀለው በከፊል ነው፤ ድርቅ ሲመጣ የበቆሎው ፀጉር ዘግይቶ ስለሚወጣ የወንዴው አበባ ዱቄት ቀድሞ ያልቃል። ጫፉ ብቻ ከቀረ ግን ከዳቀለ በኋላ ውኃ ወይም ምግብ አጥሮታል፣ አለዚያም ተክሉ ተጠጋግቷል። ቅጠሉ በቀትር ተጠቅልሎ ጠዋት ከተዘረጋ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ገና በማለዳ ተጠቅልሎ ከተገኘ ግን አሳሳቢ ነው።

መፍትሔው ከዝርያ ምርጫ ይጀምራል። እንደ ቢኤች 660 ያለ ዘግይቶ የሚደርስ ድቅል የበቆሎ ዝርያ ረጅምና በቂ ዝናብ ባለበት አገር የተመሰገነ ቢሆንም፣ ዝናቡ በመስከረም ሊቋረጥ በሚችልበት በአዳማ ዙሪያ አበባውን ከደረቁ ጊዜ ጋር ያጋጥመዋል። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እርጥበት ለሚያጥራቸው አካባቢዎች ያወጣቸው የመልካሳ በቆሎዎች የተሻለ ዕድል አላቸው፤ መልካሳ 2 ዘግየት ይላል፣ መልካሳ 1 ግን ቀድሞ ይደርሳል። ማሳውን ለሁለቱ ከፍሎ መዝራት በጥሩ ዓመት ከፍተኛውን ምርት ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ በክፉ ዓመት ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት ድርቅ አይያዝም። ዝናቡ በጣም ከዘገየ ደግሞ በቆሎውን ትቶ አጭር ጊዜ ወደሚፈልገው ቦሎቄ መዞር ከግትርነት ይሻላል።

ቀጥሎ የወረደውን ውኃ ማሳ ላይ ማቆየት ነው። በ75 ሴንቲ ሜትር መስመር የተዘራ በቆሎ ውስጥ ትልሞቹን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር መገደብ ጎርፉን አቁሞ ወደ ሥር ያሰርገዋል። ይህ የሚሠራው ግን ውኃ በቀላሉ በሚያሰርግ አፈር ነው፤ ወደ ሞጆ በኩል ባለው መረሬ (ውኃ የሚያቁር ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ ከተደረገ ውኃው ተኝቶ ተክሉን ያፍነዋል፣ ስለዚህ እዚያ የሚያስፈልገው ማጠንፈፍ ነው።

ጤፍ ሲጋሸብ (አገዳው ሲወድቅ)

አብዛኛውን ጊዜ ዘሩ በዝቷል ወይም ዩሪያው ከልክ አልፏል። ዘሩን ቀንሶ በመስመር መዝራት አገዳውን ያጠነክራል፤ ንፋስና ዶፍ ባለበት ዓመት ግን ይህም ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

የበቆሎው ቅጠል ተቦድሶ መሐሉ ላይ እንደ መጋዝ ብናኝ ያለ እዳሪ ሲታይ

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ትሉ አድጎ ወደ ተጠቀለለው ቅጠል ከገባ መድኃኒት አይደርሰውም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ በመስመሮቹ መካከል እየሄዱ እንቁላሉንና ጥቃቅን ትሉን በእጅ መጨፍለቅ በትንሽ ማሳ ያዋጣል። ሰፊ ማሳ ላይ ርጭት ካስፈለገ የልማት ጣቢያ ሠራተኛን አማክሮ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ማካሄድ ነው።

የገባው እህል ጎተራ ውስጥ ሲጎድል

ነቀዝ በደንብ ያልደረቀ እህል ይወዳል። እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ እስኪወርድ ካደረቁ በኋላ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ንጣፍ ከረጢት አጥብቆ ማሰር ነቀዙን ያለ ኬሚካል ይገድለዋል። ከረጢቱ በአይጥ ከተበሳ ግን ተግባሩ ያቆማል፣ ስለዚህ ከግድግዳ አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።