በክረምት ዕረፍት ደሴ ላይ ቤትና እንስሳት በአደራ ለሚጠብቅ ሰው

አደራውን የተቀበለ ሰው ቤተሰቡ ከመነሣቱ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ መግባት አለበት፤ ይህን የምለው ስለ ውሻው ነው። ጌታው በሌለበት በር ከፍቶ የገባን ሰው ውሻ እንደ ሌባ ይቆጥረዋል፣ ጌታው እያየ ምግብ ያቀረበለትን ግን ቶሎ ይለምደዋል። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ሳህኑን ይያዝ፣ እርስዎ ፍርፋሪውን ይጨምሩበት፤ በማግስቱ ሳህኑን እርስዎ ይያዙ፣ ባለቤቱ አጠገብዎ ይቁም። ውሻው ሳያጉረመርም በልቶ እጅዎን ካሸተተና ጅራቱን ከቆላ፣ ማታ ሰንሰለቱን መፍታት ይችላሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት የተመዘገበበትን ካርድ ሳይቀበሉ ቤተሰቡን አይሸኙ። የለመዱት ውሻ እንኳ ቢነክስዎ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በጾመኛ ቤት ውሻና ድመት ይረሳሉ። ደሴ ላይ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በጾሙም ስለማይዘጉ ትርፍራፊ ሥጋ ማግኘት አይከብድም፤ ነገር ግን ሳንባና ጉበት በደንብ ሳይቀቀል ለውሻ መስጠት ክልክል መሆን አለበት፣ በውስጡ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ውሻው ትል ይይዛል፣ ትሉም በዓይነ ምድሩ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ደሙን ስለሚጎዳ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ ሁለቱንም ያርቁ።

ለዶሮዎቹ ዋናው ነገር ደረቅ መኝታ ነው። ሰጋቱራውን በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ርሷልና ይቀይሩት። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ ከገበያ የመጣ ዶሮ ፈንግል የተባለውን የዶሮ በሽታ ይዞ ሊገባ ስለሚችል ለብቻው ይታሰር እንጂ ከቤቱ ዶሮዎች ጋር አይቀላቀል።

ቤቱ ጥንታዊ የጭቃ ቤት ከሆነ ጠላቱ ውሃ ነው። እኔ በጠበቅሁት አንድ ቤት አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ሲወርድ ሳላስተውል ሦስት ቀን አልፎ፣ ልስኑ በእጅ መዳፍ ሲነካ እንደ እርጥብ ሊጥ ገባ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባቆመ ቁጥር ግድግዳውን ከውስጥ እየዳሰስኩ እዞራለሁ። አሸንዳውን በየሳምንቱ ይጥረጉ፣ የግቢውን ቦይም ይክፈቱ። ደሴ የጦሳን ተራራ ተደግፋ በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች የመሬት መንሸራተት ያሰጋታል፤ በግቢው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ ወይም አጥሩ ካዘነበለ፣ እንስሳቱን ይዘው ወጥተው ለጎረቤትና ለቀበሌ ያሳውቁ። ይህን ለነገ ማሳደር አይገባም።

ጎረቤትን በመጀመሪያው ቀን ሄደው ሰላም ይበሉ፤ የወሎ ሰው ቡና ጠጡ ማለቱ አይቀርም፣ እምቢ ማለትም አይገባም። ውሻው ሌሊት ቢጮኽ መጥቶ የሚጠይቅዎ ይኸው ጎረቤት ነው፤ ሙስሊም ጎረቤት ካለ ደግሞ ውሻው ለሶላት የሚሄድ ሰው ልብስ እንዳይነካ ቀን ቀን ይታሰር።

ከተማዋን ለማየት የረፋዱን ሰዓት ይምረጡ፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታልና። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ አይጠየፍን ሳያዩ አይመለሱ፤ የአዳራሹ ባለቤት በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ናቸው። ጉም ወርዶ መንገዱን ከመሸፈኑ በፊት ቤት ለመድረስ ግን ሰዓትዎን ይቁጠሩ፣ ዶሮዎቹ ሲመሽ መቆለፍ አለባቸው።

ቤተሰቡ ሲመለስ ቁልፉን ሰጥተው ወዲያው አይሂዱ፤ የቀረውን መኖና የተበላሸውን ዕቃ አብረው ይቁጠሩ፣ የውሻውንም የማታ ምግብ ባለቤቱ ያቅርብለት።