አብሮ እየጾሙ አለመተዋወቅ፦ ክርስቲያን ባለትዳሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጽሐፈ ዘፍጥረት አዳምና ሔዋን በአንድነት መኖራቸውን ሲናገር «አወቃት» ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ቃል የመኝታ ቤትን ነገር በጨዋ ቋንቋ መሸፈኛ አድርገን እናልፈዋለን፤ ለእኔ ግን የጋብቻን ነገር ከሥሩ የሚናገር ግሥ ነው። አብረው የሚያስቀድሱ፣ አብረው የሚጾሙ፣ ልጆቻቸውን በአርባና በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሡ፣ ነገር ግን አንዳቸው የሌላውን ፍርሃት ሳያውቁ ዓመታት የሚቆጥሩ ባልና ሚስት ጥቂቶች አይደሉም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ከመጠጥ ወይም ከዝሙት የሚመጡ ሳይሆኑ፣ መልካም ከሚባል ነገር ጀርባ ከትዳር አጋር መደበቂያ ሲበጅ የሚፈጠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ምስጋናን የጨዋታ መዝጊያ ማድረግ ነው። ባል ማታ ይገባና ጫማውን እየፈታ «እንዴት ዋልሽ?» ይላል። ሚስትም ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» ትለዋለች፤ እሱም «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሆኖም እሷ በሥራ ቦታ የሰማችውን ዘለፋ፣ እሱም መክፈል ያቃተውን ብድር በሆዳቸው ይዘው ይተኛሉ። «ሆድ ይፍጀው» ማለት ትዕግሥት የሚመስለን ብዙ ነን፤ ነገር ግን በየዕለቱ የምንደግመው ዳዊት ራሱ ከምስጋናው ጎን «እስከ መቼ?» የሚል ጩኸት የሞላበት ነው። ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ያስተማረው ዮሐንስ አፈወርቅም የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ ባል ለሚስቱ ፍቅሩን በቃል አውጥቶ እንዲነግራት አጥብቆ ይመክራል እንጂ ዝምታን አያመሰግንም።

ሁለተኛው ለማጽናናት መቸኮል ነው። ሕልቃና መልካም ባል ነበር፤ በየዓመቱ ወደ ሴሎ እየወጣ ይሠዋ ነበር፣ ሚስቱን ሐናንም ይወዳት ነበር። ሌላዋ ሚስቱ ፍናና በልጅ ማጣቷ ስታስቆጣት፣ ሐናም እህል አልቀምስም ብላ ስታለቅስ፣ ለምን እንደምታለቅስ ጠየቃትና መልሷን ሳይጠብቅ «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልሽምን?» አላት። ፍቅር ያለበት ንግግር ነው፤ ግን የእሷን ኀዘን ወደ እሱ ዋጋ ጥያቄ አዞረው። መጽሐፉ የሐናን መልስ አይነግረንም። ተነሥታ ወደ መቅደስ ሄደች፤ በዚያም ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። በአንድ ቀን ባሏም ካህኗም ሳይረዷት ቀሩ ማለት ነው። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው»፣ «ለበጎ ነው» የሚሉ ቃላት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፅንስ የወረደባት ሚስት ገና ዕንባዋን ሳትጠርግ ሲነገሯት ግን አፏን ያስይዟታል እንጂ አያጽናኗትም። ሕልቃና ራሱ የተማረ ይመስለኛል፤ ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ሐና ሕፃኑን ጡት እስካስጥለው አልወጣም ስትለው፣ ደስ ያሰኘሽን አድርጊ አላት።

ሦስተኛው የትዳር አጋርን አምልኮ መናቅ ነው። የንጉሥ ሳኦል ልጅ፣ የዳዊት ሚስት ሜልኮል፣ ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘፍን በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው፤ ቤተሰቡን ሊባርክ ሲመለስም ወጥታ አሽሟጠጠችበት። ሰባኪዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ሌላ መስኮት ትዝ ይለኛል፤ ሳኦል ሊገድለው ሲፈልገው በመስኮት አውርዳ ያስመለጠችው ይህችው ሜልኮል ነበረች። በሁለቱ መስኮቶች መካከል ለሌላ ሰው ተድራለች፣ ከዚያም ያ ሁለተኛ ባሏ እያለቀሰ እየተከተላት ተወስዳ ለዳዊት ተመልሳለች፣ አባቷንና ወንድሞቿን በጦርነት አጥታለች፤ ስለዚህ ሁሉ ሁለቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ በመጽሐፉ አናይም። ዳዊትም ለሽሙጧ ሲመልስ እግዚአብሔር ከአባትሽ ይልቅ እኔን መረጠ አላት። እሷ አምልኮውን ነካች፤ እሱም ቁስሏን። በእኛም ቤት ሚስት ስትሰግድ «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቷት ነው» የሚል ባል፣ ወይም ባል ከጉባኤ ሲመለስ «ሰባኪው መጣ» የምትል ሚስት፣ ብዙውን ጊዜ የምትናገረው ስለ ስግደቱና ስለ ስብከቱ አይደለም፤ ያልተነገረ ሌላ ነገር አለ።

ጾምን መኮራረፊያ ማድረግም አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 7፣ ባለትዳሮች ለጸሎት ሲሉ ለጊዜው መራቃቸውን ይፈቅዳል፤ ግን «ተስማምታችሁ» ይላል። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት በስምምነት ተለይቶ መቆየትና ቂም ይዞ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ጾም በትንሣኤ ሌሊት ይፈታል፤ ኩርፊያ ግን ዶሮው ከተበላም በኋላ ይቀጥላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ለንስሐ አባት የሚነገረውን ለትዳር አጋር መንገር እንደማያስፈልግ ማሰብም ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው። ኃጢአትን ለካህን መናዘዝ አንድ ነገር ነው፤ የበደሉትን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ሌላ ነው፣ ጌታም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ታረቅ ብሏል። በተቃራኒው ደግሞ የባልን ድካም በጸሎት ርእስ ስም ለማኅበር ጓደኞች የሚዘረዝሩ አሉ። ይህ ሐሜት ነው።

ዱላ ባለበት ቤት ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ቦታ የለውም። የምትደበደብን ሴት «ቻይው፣ ጸልዪለት» ብሎ ወደ ቤቷ መመለስ መንፈሳዊ ምክር አይደለም፤ መጀመሪያ ከአደጋው ትውጣ።

የመጨረሻው አብሮ መጸለይን እንደ ትልቅ ሥራ መፍራት ነው፤ ወይም ደግሞ «ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ሴት ልብ አለስልስልኝ» እያሉ ጸሎቱን ለእግዚአብሔር አድርሶ ነገሩን ለሚስት ማሰማት። መጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያና ሣራ በሠርጋቸው ሌሊት ይጸልያሉ። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰባት ባሎቿ ሞተዋል፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ የሚፈሩበት ምክንያትም አላቸው። «እኅቴ ሆይ፣ ተነሺ፣ እንጸልይ» ይላታል። ጸሎቱ አጭር ነው፤ አብረው እንዲያረጁ ይለምናል፤ እሷም አሜን ትላለች። ከዚያም ሁለቱም ተኙ።