በኖርዌይ የሳልመን ፋብሪካ ሥራ ለሚጀምሩ አዲስ ገቢዎች

ኖርዌይ በእርባታ የሚገኘውን የአትላንቲክ ሳልመን የተባለ ዓሣ በማምረት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ስለዚህ እንደ ፍሮያ፣ ሂትራና ሴንያ ባሉ የባሕር ዳርቻ ወረዳዎች ለሚሰፍሩ ወገኖቻችን የዓሣ ፋብሪካ በቅርብ ከሚገኙት ሥራዎች አንዱ ነው። ቁስል ወይም የአካል ጉድለት ያለበት ሳልመን አገር ውስጥ ሳይዘጋጅ ወደ ውጭ እንዳይላክ ደንቡ መከልከሉም የተወሰነው ሥራ እዚያው እንዲቀር አድርጓል።

በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ዓሣውን የሚያደነዝዘው፣ ሆድ ዕቃውን የሚያወጣውና በክብደት የሚለየው በአብዛኛው ማሽን ነው። ማሽኑ ግን ሰውን ጨርሶ አልተካም። ሳልመን ከታረደ በኋላ ሰውነቱ ድርቅ ስለሚልና ጥቃቅን አጥንቶቹ ከሥጋው ጋር አጥብቀው ስለሚያያዙ፣ ያን ጊዜ በኃይል ቢነቀሉ ሥጋው ይቀደዳል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እስኪላላ ድረስ ይጠበቃል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ማሽኑ ያለፈውን አጥንት የሚያገኘው ጣቱን በሥጋው ላይ ቀስ አድርጎ የሚያሳልፍ ሠራተኛ ነው።

በእኔ እምነት አዲስ ገቢ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት ማሽኑን በሚያንቀሳቅሰው፣ በሚጠግነውና ጥራት በሚቆጣጠረው ሥራ ላይ ነው፤ ቢላ የሚጠይቀው ሥራ እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆን ይህኛው ግን እያደገ ነው። መንገዱ የኖርዌይ ቋንቋ ነው፤ የማሽኑን ማስጠንቀቂያና የንጽሕና መመሪያውን ማንበብ የማይችል ሰው ኃላፊነት አይሰጠውም። ቢያንስ አንድ ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ሰው «ፋግብሬቭ ፖ ዮብ» በሚባለው ሥርዓት፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ለሙያ ምስክር ወረቀት መዘጋጀት ስለሚችል ይህን ለአለቃዎ ቀደም ብለው ያንሡ።

ደመወዝን በተመለከተ፣ ኖርዌይ ለሁሉም ሥራ የሚያገለግል ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባይኖራትም፣ ከ2015 ወዲህ በዓሣ ማቀነባበሪያ ዘርፍ ሁሉንም አሠሪ፣ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅቶችን ጨምሮ፣ የሚያስገድድ ወለል አለ፤ የሙያ ምስክር ወረቀት ላለው ሰው ደግሞ ከፍ ይላል። ወቅታዊውን መጠን ከሥራ ቁጥጥር ባለሥልጣኑ ከአርባይድስቲልሲኔት ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ የዘርፉ የሠራተኞች ማኅበር ኤንኤንኤንም ውልዎን እንዲያነብልዎ አባል ይሁኑ። ማሽን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ሲታጠብ የሚነሣው ጭጋግ የመተንፈሻ አካልን ሊጎዳ ስለሚችል፣ በጽዳት ፈረቃ ከተመደቡ የመተንፈሻ መከላከያ ሳይሰጥዎ ሥራ አይጀምሩ።