ለአዛውንት ወላጅ ስልክ ማሰናዳት፦ አውስትራሊያ ላላችሁ የአንድ ቅዳሜ ሥራ

አውስትራሊያ ውስጥ 67 ዓመት የሞላው ሰው ጡረታ ሊጠይቅ ሲነሳ በአብዛኛው በማይጎቭ (በመንግሥት አገልግሎቶች የኢንተርኔት መግቢያ) በኩል ነው የሚያልፈው፤ ማይጎቭ ደግሞ በስልክ የሚመጣ ኮድ ይፈልጋል። የሐኪም ቀጠሮም፣ የባንክ ማረጋገጫም፣ የመንግሥት ደብዳቤም እዚያችው ስልክ ላይ ነው የሚያርፈው። «ዘመኑ ጥሎኝ ሄደ» የሚሉ አዛውንት ስልክ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶኑ እንደወጣ ነው፤ ለእሳቸው ጣት፣ ጆሮና ዓይን ያስተካከለው ሰው የለም።

አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያዙ። ፓስፖርት ወይም የዜግነት ወረቀት፣ የሜዲኬር ካርድ፣ የባንክ ካርድ፣ አንድ ደብተርና ቻርጀር ጠረጴዛው ላይ ይቅረቡ። ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ፤ ነጥቃችሁ «ቆይ እኔ ላድርግልዎ» ካላችሁ ማታ ላይ ያሰናዳችሁትን አያገኙትም። የሚጫኑት እሳቸው፣ የምትናገሩት እናንተ።

መጀመሪያ፦ ስልኩ 000 ይደውላል?

ቴልስትራና ኦፕተስ 3ጂን መዝጋት የጀመሩት በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ነው። ብዙ ሰው «የእኔ 4ጂ ነው» ብሎ ተረጋግቶ ነበር። ችግሩ አንዳንድ ስልኮች ኢንተርኔቱን በ4ጂ እየተጠቀሙ የአደጋ ጥሪውን ብቻ ወደ 3ጂ የሚያወርዱ መሆናቸው ነው። ከዱባይ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ በስጦታ የመጡ ስልኮች ላይ ይህ በተለይ ያጋጥማል፤ ለአውስትራሊያ ገበያ አልተዘጋጁምና። ቴሌዎቹም 000 መደወል የማይችል ስልክን ከአገልግሎት እንዲያግዱ ሕግ ያስገድዳቸዋል።

ለማጣራት የስልኩ መደወያ ላይ *#06# ጻፉ፤ አስራ አምስት አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይመጣል። እሱን ይዛችሁ ለቴሌው ደውሉና «ይህ ስልክ የአደጋ ጥሪ በ4ጂ ማድረግ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙከራ ብላችሁ 000 እንዳትደውሉ፤ መስመሩ የሌላ ሰው ነፍስ የሚጠብቅበት ነው።

ከዚያ ልምምድ። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ከሆነ ሁለት ቃል ይበቃቸዋል፦ «አምቡላንስ»፣ ቀጥሎ «አምሃሪክ»። ኦፕሬተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፖሊስ፣ እሳት አደጋ ወይስ አምቡላንስ የሚለውን ነው፤ ስለዚህ ቋንቋው ሁለተኛ ይምጣ። አስተርጓሚ እስኪገናኝ ስልኩን እንዳይዘጉት አስረግጣችሁ ንገሯቸው፤ ዝምታ ሲሰሙ «ተቋረጠ» ብለው የሚዘጉ ብዙ ናቸው። ስልኩ ጠፍቶ እያለ ሦስት አራት ጊዜ አለማምዷቸው። የቤት አድራሻቸውን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ የደነገጠ ሰው የራሱን የመንገድ ስም ይረሳል።

ጣት፣ ጆሮ፣ ዓይን

«አፖቹ ጠፉብኝ» የሚለው እሮሮ ምክንያቱ አንድ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ስክሪኑን አጥብቆና አስረዝሞ ይጫናል። ስልኩ ያንን «አዘዋውረኝ ወይም ሰርዘኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ምልክቶቹ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ እሳቸውም ለማስቆም ሌላ ይጫናሉ፣ ዋትሳፕ ይሰረዛል። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ተች ውስጥ ገብታችሁ «ሃፕቲክ ተች»ን ወደ «ስሎው» ቀይሩ። «ስክሪን ታይም» ውስጥ ደግሞ አፕ መሰረዝን ከልክሉ። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግስ፣ «ሆም ስክሪን» ውስጥ ገጹን የሚቆልፍ ማብሪያ አለ፤ አብሩት። አክሰሲቢሊቲ ውስጥም «ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ»ን ወደ ረጅሙ አድርጉት።

ሁለተኛው እሮሮ «ይጠራል፣ እጫነዋለሁ፣ አይነሳም» ነው። የተቆለፈ አይፎን በመንካት አይነሳም፣ በጣት ወደ ጎን መጎተት አለበት። ሳምሰንግ ላይ የድምፅ መጨመሪያው የጎን ቁልፍ ሲጫን ስልኩ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ከዚህ የሚሻል የለም። አይፎን በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫም አለው። እሱን ግን አስባችሁበት፤ የደወለ ሁሉ የቤቱን ወሬ ይሰማል።

የጣት አሻራ አትመኑ። የአዛውንት ጣት ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ሽንኩርት ሲልጥ የኖረ እጅማ መስመሩም ይጠፋል። በፊት መክፈትና ባለስድስት አሃዝ ቁጥር ይሻላል፤ ቁጥሩ የልደት ዓመት እንዳይሆን። ደብተሩ ላይ መጻፉ አያስፈራችሁ። ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ያለ ደብተር፣ አንድን ቁጥር ለባንክም ለስልክም ለማይጎቭም ከመጠቀም ያነሰ አደጋ አለው።

ፊደሉን ስታተልቁ እስከ ጣሪያው አትሂዱ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ አንዳንድ የባንክ አፖች ላይ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ይወጣና ሰው ገጹ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ፣ ፊደሉ ደግሞ ደማቅ ይሁን።

አንድሮይድ ስልክን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። የሚረዷቸው እንግሊዝኛ የለመዱ የልጅ ልጆች ከሆኑ ግን ማውጫው በእንግሊዝኛ ቢቀር ይመረጣል፤ ልጁ በስልክ «ሴቲንግስን ይንኩ» ሲላቸው አያት «ቅንብሮች»ን እያዩ ይጨቃጨቃሉ። አማርኛ ኪቦርድ ከጂቦርድ ጨምሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ክሊኒኩ «ለማረጋገጥ Y ብለው ይመልሱ» ሲል ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ መልሱ ማሽኑ የማያውቀው ፊደል ሆኖ ይሄዳል፣ ቀጠሮውም ሊሰረዝ ይችላል። ከኪቦርዱ ታች ያለውን ቋንቋ መቀየሪያ አስጠኗቸው።

የማይታወቅ ቁጥርን ዝም የሚያሰኘውን ማብሪያ ብዙ ልጆች አጭበርባሪ ለመከላከል ብለው ያበሩታል። እዚህ አገር ሆስፒታል ብዙ ጊዜ የሚደውለው በተደበቀ ቁጥር ነው፤ ስፔሻሊስት ለወራት የጠበቀ ሰው ጥሪው በዝምታ ያልፈዋል። ተዉት። በምትኩ ወደ ድምፅ መልእክት ከመዞሩ በፊት የሚጠራበትን ጊዜ ቴሌውን ጠይቃችሁ ወደ 30 ሰከንድ አስረዝሙ። ከወንበር ተነስቶ፣ መነጽር ፈልጎ፣ ስልክ ለማንሳት አስራ አምስት ሰከንድ አይበቃም። ድምፅ መልእክት ከነጭራሹ የማያዳምጡ ከሆነ አስጠፉት፤ ክሊኒኩ «መልእክት ትተናል» ብሎ ከሚያልፍ ደግሞ ቢደውል ይሻላል።

የሰዓት ነገር

የቀጠሮ መልእክት ላይ «2:00» የሚለውን «ሁለት ሰዓት» ብለው ያነበቡ እናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለብሰው ይጠብቃሉ፤ ቀጠሮው ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ሁልጊዜ በሁለቱም ጻፉት፦ «2:00 ከሰዓት፣ በእኛ 8 ሰዓት»። ቀኑንም እንዲሁ። ቪክቶሪያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያና ካንቤራ ሰዓታቸውን በኦክቶበርና በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ይቀይራሉ። ስልኩ በራሱ ይቀየራል፤ የግድግዳው ሰዓትና ምድጃው ላይ ያለው ግን እናንተን ይጠብቃሉ።

ብቻቸውን ለሚኖሩ

የድሮው የቤት ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። በኤንቢኤን (በአገሪቱ የኢንተርኔት መስመር) የመጣው ግን በሞደሙ ስለሚያልፍ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በዚያ ስልክ ላይ የተሰካ የአደጋ ጥሪ ደወልም እንደዚያው። ስለዚህ ባለ ሲም፣ 4ጂ የሆነ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፔንዳንት ምረጡ። ከ2024 በፊት የተገዛ ከሆነ 3ጂ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ጠይቁ። ቪክቶሪያ ውስጥ «ፐርሰናል አለርት ቪክቶሪያ» የሚባል የግዛቱ መንግሥት አገልግሎት መስፈርቱን ለሚያሟሉ በነጻ ይሰጣል።

ፔንዳንቱ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ዋናው ማሽኑ አይደለም፤ በሩ ጀርባ ባለው መስቀያ ላይ መሰቀሉ ነው። ሰው የሚወድቀው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ እሱን አውልቆ ነው። ውሃ የማያስገባ ግዙ፣ ከዚያ ሻወር ውስጥ እንዳያወልቁት ተስማሙ። ውድቀትን በራሱ የሚያውቅ የሚባለውም ከወንበር ቀስ ብሎ መንሸራተትን ላያውቅ ስለሚችል ቁልፉን መጫን ይልመዱ። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ተጭነው «ሙከራ ነው» ይበሉ።

በሩ ከውስጥ ከተቆለፈ አምቡላንስ ሰብሮ ነው የሚገባው። ባለ ቁጥር የቁልፍ ሳጥን ውጭ ግድግዳው ላይ በብሎን ይታሰር፤ ቁጥሩን ለፔንዳንቱ ድርጅትና ለአንድ ጎረቤት ስጡ።

ማይጎቭ

ትልቁ ስህተት የሚሠራው በቀና ልብ ነው፦ ልጅ የራሱን ኢሜይልና የራሱን ስልክ ቁጥር ያስገባል። እሱ ለበዓል አዲስ አበባ ሲወርድ ኮዱ አብሮት ይሄዳል፣ እናት ሜልበርን ተዘግቶባቸው ይቀራል። ቁጥሩ የእሳቸው ይሁን። ሲሙ የቅድመ ክፍያ ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ካልተሞላ ቁጥሩ ይቋረጣል፣ ኮዱም የሚሄድበት ያጣል። ከተቻለ «ፓስኪ» አስገቡላቸው፤ ከዚያ ወዲያ በፊታቸው ወይም በስልኩ መክፈቻ ቁጥር ይገባሉ፣ ኮድ መጠበቅ ይቀራል።

ማረጋገጫው «አልተገኘም» ካለ ከመናደዳችሁ በፊት ሰነዶቹን ጎን ለጎን አድርጉ። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሜዲኬር ላይ የለም። አንዱ ላይ ስሙ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት። የልደት ቀንም በስደት ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቶ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ የሚያወዳድረው ፊደል በፊደል ነው። የሚሻለው ሁሉንም ከአንድ ሰነድ ጋር ማስማማት ነው፤ አድካሚ ቢሆንም አንዴ ነው።

በእሳቸው ስም ገብታችሁ ጉዳይ ከመጨረስ የጡረታና የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ሴንተርሊንክ ላይ «ኖሚኒ» (ወኪል) ሆናችሁ ተመዝገቡ። ያኔ በራሳችሁ ስም ደውላችሁ መናገር ትችላላችሁ። ይህ ውክልና ግን ለአረጋውያን እንክብካቤው፣ ማለትም ለማይ ኤጅድ ኬር፣ አያገለግልም፤ እዚያ ለብቻ ትመዘገባላችሁ። ስልኩ 1800 200 422 ነው። ጡረታ ከዕድሜው 13 ሳምንት ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ በጥቅሉ 10 ዓመት የአውስትራሊያ ነዋሪነት ይጠይቃል፣ ከዚያም ቢያንስ 5ቱ ያልተቋረጡ መሆን አለባቸው። በአማርኛ ሴንተርሊንክን ለማነጋገር 131 202፣ ሌላ መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚ ለማግኘት ደግሞ 131 450።

አጭበርባሪ

የሚመጣው በሦስት መልክ ነው። አንደኛው «እማዬ፣ ስልኬ ተሰብሮ በዚህ ቁጥር ነኝ» የሚል መልእክት። ሁለተኛው ከባንክ ወይም ከኤንቢኤን ነኝ ብሎ «ኤኒዴስክ የሚባል አፕ ያውርዱ» የሚል ደዋይ፤ ያ አፕ ስክሪናቸውን ለእሱ ይከፍትለታል። ሦስተኛው የኛኑ ሰው የሚይዘው ነው፦ ከዘመድ ዋትሳፕ ወይም ቴሌግራም «በስህተት ኮድ ላኩብሽ፣ መልሺልኝ» የሚል። ዘመዱ አካውንቱን ተነጥቋል፤ ኮዱም የእሳቸው አካውንት ቁልፍ ነው።

ለአንደኛው የቤተሰብ ምስጢር ቃል ይኑር፤ ከብቱን፣ ወንዙን፣ የድሮ ሰፈር ሱቅን የመሰለ፣ ፌስቡክ ላይ የማይገኝ። ለሁለተኛው፣ መዝጋትና የባንክ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራስ መደወል። ስልክ መዝጋት ነውር የሚመስላቸው ትሑት እናቶች ስላሉ «ልጄ ይደውላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አስጠኗቸው። ለሦስተኛው ዋትሳፕ ላይ ሴቲንግስ፣ አካውንት፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ውስጥ ባለስድስት አሃዝ ቁጥር አስገቡ። ማይጎቭ የመግቢያ ሊንክ በመልእክት አይልክም፤ ሊንክ ያለበት ሁሉ ውሸት ነው።

ገንዘብ ከወጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ባንክ፣ ወዲያው፣ ሌሊትም ቢሆን፤ ገንዘቡ ወደ ሌላ አካውንት ሳይሻገር ማገድ የሚቻለው ሲፈጥን ነው። አፕ አውርደው ከሆነ ስልኩ ይጥፋና ደወሉ ከሌላ ስልክ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም ከሌላ ስልክ ይቀየር። ፓስፖርት ወይም ሜዲኬር ፎቶ ልከው ከሆነ ማንነታቸው ለተሰረቀ ሰዎች የሚረዳው አይዲኬር አለ፣ 1800 595 160። ባንኩ የሰጠው መልስ ካላረካችሁ አፍካ የሚባለው የፋይናንስ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ 1800 931 678፤ አገልግሎቱ ለደንበኛ በነጻ ነው። አትቆጧቸው፤ የተቆጣችሁ ቀን ቀጣዩን ይደብቁታል፣ ያኔ ባንኩ ጋ የሚደወለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሆናል።