ጣና ዳር ያያችሁት አዞ ነው ወይስ አርጃኖ? ዓባይ በረሃ ለምትወርዱም ጥቂት ነገር

ጎጃም ውስጥ አሊጌተር የለም። በስልክ ቪዲዮ የምናየው፣ ሰውየው ከጓሮው በመጥረጊያ የሚያባርረው አውሬ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ነው፤ አነስ ያለ ዘመዱ ደግሞ ቻይና ውስጥ በያንግትዜ ወንዝ አካባቢ ይኖራል። አማርኛ ሁሉንም «አዞ» ብሎ ስለሚጠራ፣ በቪዲዮ የታየው ድፍረት ሳይታሰብ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ችግሩ ይኸው ነው፤ የዓባዩ የናይል አዞ ከአሊጌተር ይልቅ ለሰው እጅግ አደገኛ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀ «አዞ! አዞ!» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ አርጃኖ የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት ነው። ምላሱን ጠብቁ። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ምላስ እንደ እባብ ብልጭ እያደረገ ካስገባ አርጃኖ ነው። የአዞ ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደ ውጭ አይወጣም። አርጃኖ አንገቱ ረዘም ይላል፣ ገላው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፣ ትልቁም ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። ታዲያ አትያዙት፤ በጅራቱ እንደ አለንጋ ይገርፋል፣ ይነክሳልም።

አዞንና አሊጌተርን በፎቶ ለመለየት አፉ የተዘጋበትን ፎቶ ፈልጉ። አዞ አፉን ገጥሞም ከታች በኩል አራተኛው ጥርሱ በጎን ወጥቶ ይታያል። የአሊጌተር ላይኛው መንጋጋ ሰፊ ስለሆነ የታቹን ጥርስ ይሸፍነዋል። አፉ ከተከፈተ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ያን ጊዜ የአፉን ቅርጽ እዩ፤ የአሊጌተር ሰፊና ዱልዱም፣ የናይል አዞ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ነው። የላኮስት ሸሚዝ ላይ ያለውም አፉን ከፍቷል፤ ግን በእሱ መከራከር አያስፈልግም፣ አርማው የመጣው ከቴኒስ ተጫዋቹ ከረኔ ላኮስት ቅጽል ስም ነው፣ ቅጽል ስሙም «አዞው» ነበር።

ውኃ ላይ ጭንቅላቱ ብቻ ከታየ ርዝመቱን መገመት ይቻላል። ለአሊጌተር ከአፍንጫው ቀዳዳ እስከ ዓይኑ ያለውን በ12 ያባዙታል፤ አንድ ስንዝር ከሆነ ገላው 12 ስንዝር ያህል ነው። የናይል አዞ አፉ ስለሚረዝም በዚሁ ስሌት ከእውነቱ በላይ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ስህተት ጉዳት የለውም።

ሌሊት ደግሞ ባትሪውን በእጃችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ብታበሩ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ጆሮ ግንዳችሁ ላይ አስጠግታችሁ፣ ከዓይናችሁ ትይዩ አብሩት። የአዞ ዓይን ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልስ፣ ቀይ ፍም መስሎ የሚታየው ከብርሃኑ አጠገብ ላለ ዓይን ነው።

አሁን ወደ መልካው። ውኃው ጸጥ ማለቱን አትመኑ፤ አዞ ሳይተነፍስ አንድ ሰዓት እንኳ ሊቆይ ይችላል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዓባይ ደፍርሶ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ አያሳይም። ከዳሩ ቢያንስ አምስት ሜትር ራቁ። ውኃ የግድ ካስፈለገ አሸዋው ላይ ከዳር ራቅ ብላችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውኃው ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ጥቂት ሲጠብቁት ይጠራል፣ ጣሳ ይዞ መቅዳት ነው (ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት)። አለት ከሆነና መቆፈር ካልተቻለ ከፍ ካለ ቋጥኝ ላይ ሆናችሁ ጄሪካኑን በገመድ ጣሉት። ዝቅ ብሎ ከዳር መቅዳት ነው ሰው የሚያስበላው። ትልቁ ጥፋት ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ መመላለስ ነው፤ አዞ ልማድ ያጠናል፣ ጠብቆም ይይዛል። አህያና ፍየልም ከዚያው ጉድጓድ በገንዳ ይጠጡ። ዓሣም እዚያ አትዘርግፉ፤ ሆድ ዕቃው ይጠራዋል።

ከውኃ ወጥቶ ቢመጣ «ዚግዛግ ሩጡ» የሚለውን ምክር ተዉት፤ በየብስ ርቆ አያሳድድም፣ ቀጥ ብላችሁ ከውኃው ሽሹ። ከያዘ ዓይኑን ደጋግማችሁ ምቱ፣ ጣታችሁ ከደረሰም አስገቡበት። ያመለጠ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የአዞ አፍ ቁስሉን ያመረቅዛል፣ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋል።